በክረምት ስላነበብኋቸው ሦስት ልብ ወለድ መጻሕፍት

ታናናሾቼ ሆይ፤ በሰኔ ወር ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ መምህራችን ሦስት መጻሕፍት አውሰውኝ፥ «ክረምቱን አንብቢያቸው፤ በመስከረም ስትመለሺ ስለ እያንዳንዱ ያሰብሽውን ሳትፈሪ ጻፊና ለታናናሾችሽ ይነበብላቸው» ብለው አዘዙኝ። እኔ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ታላላቅ ሰዎች በደከሙበት መጽሐፍ ላይ መፍረድ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነበረ። ነገር ግን ወጥ የሚቀምስ ሰው ሁሉ ወጥ ሠሪ መሆን አያስፈልገውም፤ ጨው ማነሱን ለመናገር ምላስ ይበቃዋል። ስለዚህ የቀመስሁትን እናገራለሁ።

ክረምቱን ያሳለፍሁት በተጉለት፥ በአያቴ ቤት ነው። የተጉለትን ክረምት ያላየ ሰው ብርድን አያውቅም። ከቀትር በኋላ ዝናብ ይወርዳል፤ ጉሙ እስከ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ሰውም ከብቱም በጊዜ ወደ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ እሳት ዳር ተቀምጦ ቆሎ ከመቆርጠም በቀር ሌላ ሥራ የለም። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። እርሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እኔ ለብቻዬ በዝምታ ማንበቤ ደብቆ እንደ መብላት ሆኖ ስለ ታየኝ፥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርሁ። እርሳቸውም እንዝርታቸውን እያሾሩ ይሰሙኝ ነበረ።

በመጀመሪያው ማታ፥ «የምታነቢው ምንድን ነው? ዳዊት ነውን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይደለም እማማ፤ ልብ ወለድ ነው» አልኋቸው።

«ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ፥ ከልብ አፍልቆ መጻፍ ነው» ብዬ መለስሁ።

«እንግዲያውስ ውሸት ነው በዪኛ!» አሉና ሳቁ።

ይህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ አሳሰበኝ። በማግሥቱ ጠዋት ላም ሲያልቡ ከኋላቸው ቆሜ የተዘጋጀሁበትን መልስ ሰጠኋቸው። «ውሸታም ሰው ውሸቱን ይሸሽጋል፤ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ግን አስቀድሞ ልብ ወለድ ነው ብሎ ይነግረናል፤ ስለዚህ ማንንም አላታለለም። ጌታችንም የጠፋውን ልጅ ታሪክ በምሳሌ ሲናገር፥ አባትየው በየትኛው መንደር ይኖር እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው የለም» አልሁ። አያቴም ከላሟ ሳይዞሩ፥ «የጌታ ምሳሌ አጭር ነው፤ ያ ትልቁ መጽሐፍሽ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ሁሉ ያልሆነ ነገር ተሸክመሽ ዳገቱን ወጣሽን?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉት፥ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ የታተመው ነው። በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የቀደመው እርሱ ነው። ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበረ፤ ኋላ ግን በባለታሪኳ ልጃገረድ ስም «ጦቢያ» እየተባለ ተጠራ። እነሆ፥ ዛሬ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ የምንጠራበት ስም ያ የፊተኛው መጽሐፍ የተጠራበት ስም ነው። ጸሐፊው በጣና ዳር በዘጌ ተወልደው በጣሊያን አገር በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከአገሩ የራቀ ሰው ቋንቋውን እንደ ስንቅ ቆጥቦ፥ እያጣጣመ ይበላዋል መሰለኝ፤ የመጽሐፉ አማርኛ ጣፋጭ ነው። ሆኖም ለእናንተ ይከብዳችኋል። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እንደ ሐረግ እየተጠመዘዘ ስለሚሄድ፥ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኝ ነበረ። አያቴ ግን አንድም ቦታ አልጠፋባቸውም። በጆሮ የለመደ ሰው በዓይን ከለመደ ሰው ይልቅ ረጅም ነገር መከተል ይችላል ማለት ነው፤ ይህን አስቀድሜ አላውቅም ነበረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ይማረካል። መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋህድ፥ ሴቷ ጦቢያ ይባላሉ። አንድ የማያውቃቸው ደግ ነጋዴ አባታቸው የሚዋጅበትን ገንዘብ ይሰጣል። ዋህድም ያን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ ከቤት ይወጣል፤ በመንገድም ተይዞ ባሪያ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ፥ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች።

በዚህ መጽሐፍ ከሁሉ የወደድሁት የዋህድን መውጣት ነው። ነጋዴው ገንዘቤን መልሱልኝ አላለም፤ የሄደበትንም አልተናገረም። ማንም ያልጠየቀውን ዕዳ ለመክፈል የሚነሣ ልጅ በዚህ ዘመን ይገኝ እንደ ሆነ አላውቅም። እኔ ራሴ ከጓደኛዬ የተበደርሁትን እርሳስ እስክትጠይቀኝ ድረስ አልመለስሁም ነበረ፤ ይህን ካነበብሁ በኋላ ግን በመስከረም ስመለስ መልሼላታለሁ።

ያልወደድሁት መጨረሻውን ነው። አረማዊው ንጉሥ ጦቢያን ይወድዳል፤ ክርስትናንም ተቀብሎ ያገባታል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል፤ ሰው ሁሉ በሠርግ ቤት እንደ ተደረደረ እንግዳ በየቦታው ተደላድሎ ይቀመጣል። «እማማ፥ ጦቢያ መልከ ጥፉ ብትሆን ኖሮ ይህ ንጉሥ ክርስቲያን ይሆን ነበረን?» ብዬ ጠየቅሁ። «እግዚአብሔር አንዱን በእንጀራ፥ አንዱን በመከራ፥ አንዱንም በሴት ልጅ ይስበዋል፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አሉኝ። እርሳቸው እንዲህ ያለውን መጨረሻ ይወድዳሉ። «የደከመ ሰው በመጨረሻ ሲያርፍ ማየት ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። በዚህ ነገር ሁለት ማታ ተከራክረን ሳንስማማ ቀረን።

ሁለተኛው መጽሐፍ «አዲስ ዓለም» ይባላል። የጻፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ የታተመውም በ1925 ዓ.ም. ነው። እርሳቸው በሸዋ በመርሐ ቤቴ ተወልደው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ፥ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ተሰደው በ1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ያረፉ ሰው ናቸው። ባለታሪኩ አወቀ ይባላል፤ ትምህርት ፍለጋ እስከ ፓሪስ ይሄዳል፤ ተምሮም ወደ አገሩ ይመለሳል። አገሩም ተጉለት ነው።

«ተጉለት» የሚለውን ባነበብሁ ጊዜ አያቴ እንዝርታቸውን አቆሙ። «ከእኛ አገር? የማን ልጅ ነው?» አሉ። «እማማ፥ ልብ ወለድ እኮ ነው» ብላቸው፥ «ይሁን፤ ቢሆንም የማን ልጅ ነው?» ብለው ከወዲያ ማዶ ያሉትን ቤተሰቦች ሁሉ በስም እየጠሩ መፈለግ ጀመሩ። ውሸት ነው ያሉትን ሰው ዘመድ ሲፈልጉለት ሳይ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

አወቀ ከፓሪስ ከተመለሰ በኋላ ከዘመዶቹ ጋር አይስማማም። ለሠርግና ለተዝካር ድግስ ያለ ልክ ገንዘብ ማባከን፥ ጠጥቶ መስከር፥ ይህ ሁሉ ያሳዝነዋል። እኔም አወቀ የሚናገረው እውነት ነው እላለሁ። ነገር ግን አወቀ ብዙ ይናገራል። የሳቀበትን ቦታ አላስታውስም። ሰዎቹም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ከጻፉት ደብዳቤ የሚያነብቡ ይመስላሉ። ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ሰው መልካም መካሪ ነው፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት ክረምትን ማሳለፍ ግን የሚቻል አይመስለኝም።

የተዝካሩን ነገር ካነበብሁ በኋላ አያቴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። አያቴ ባላቸው በሞቱ ጊዜ ለተዝካር ሁለት በሬ እንደ ሸጡ፥ በሚከተለውም ዓመት የሰው በሬ ለምነው እንዳረሱ እኔ ከአጎቴ ሰምቼ ነበረ። ስለዚህ የማነብበው እርሳቸውን የሚነካ ሆኖ ስለ ተሰማኝ አንገቴን ደፋሁ። በመጨረሻ፥ «ያ ልጅ እውነቱን ነው፤ በዚያ ዓመት ተርበናል። ነገር ግን ባሌን እንደ ውሻ ልቅበረው ነበረን?» አሉ። አወቀ ለዚህ ጥያቄ ምን ይመልስላቸው እንደ ነበረ ባውቅ ደስ ባለኝ። እኔ የሚመለስ ነገር አላገኘሁም፤ እሳቱን ቆሰቆስሁ።

ከዚህ በኋላ ሦስተኛውን፥ ያን እንደ ድንጋይ የከበደውን መጽሐፍ አወጣሁ። ይኸውም ሐዲስ ዓለማየሁ ጽፈውት በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ስሙን ብነግራቸው አያቴ ፈጥነው ቀና አሉና፥ «ወጋየሁ ያነበበው ነውን?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሚባለው ስመ ጥሩ ተዋናይ ይህን መጽሐፍ በራዲዮ ይተርከው ነበረ። በዚያን ጊዜ በአያቴ መንደር ራዲዮ የነበረው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ማታ ማታ በዚያ ቤት ተሰብስቦ ይሰማ ነበረ። አያቴም ታሪኩን ከብዙ ቦታ ላይ ሰሙት። ከዚያ በኋላ የራዲዮው ባትሪ ድንጋይ አለቀ፤ ጊዜውም የመከር ጊዜ ነበረና የሚገዛ ሰው ጠፋ። እርሳቸውም መጨረሻውን ሳይሰሙ ቀሩ።

«ልብ ወለድ ውሸት ነው ብለውኝ አልነበረምን?» አልኋቸው።

«ውሸት መሆኑንማ አውቃለሁ፤ መጨረሻውን ግን አላውቅም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። እኔ መጽሐፉን በተቀበልሁ ቀን፥ ገና አንድ ገጽ ሳላነብብ ወደ ኋላ ገልጬ መጨረሻውን አይቼው ነበረ። ይህን ልማድ ብዙዎቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለአያቴም ብነግራቸው ተቆጡ፤ «በይ፥ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ ማዪልኝ» ብለው አስማሉኝ። እኔም ማልሁ። ከዚያች ማታ ጀምሮ የደረሰብኝን ቅጣት ማንም ሰው አላዘዘብኝም። አያቴ በሳቁ ጊዜ እኔ መሳቅ አልቻልሁም። ስለ በዛብህ፥ «ይህን ልጅ እግዜር ያውጣው» ባሉ ቁጥር ድምፄ ይሰበር ነበረ። እርሳቸው ተስፋ ሲያደርጉ እኔ የማውቀውን ይዤ ተቀመጥሁ። ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ ማንበብ ከባድ ነገር ነው።

በዛብህ የጎጃም ባላገር ልጅ ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ለእግዚአብሔር ተሳለችበት፤ ስለቱም አድጎ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ነው። ልጁ አድጎ ተማረ፤ ድምፁም ያማረ ሆነ። ከዚያም ፊታውራሪ መሸሻ በሚባሉት ታላቅ ባላባት ቤት፥ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምር ተጠራ። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ መምህሩ ሲቆጣችሁ ታለቅሳላችሁ፤ እነዚያ ግን በፊደል ላይ ተፋቀሩ። ፊታውራሪ ደግሞ በዘራቸው እጅግ የሚኮሩ ስለ ሆኑ፥ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ሁሉ ከእኛ ያንሳል እያሉ ይመልሱ ነበረ።

የመጽሐፉ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የበዛብህ ወላጆች እንዴት እንደ ተጋቡ፥ እንዴት እንደ ኖሩ የሚናገረውን ልዝለለው ብዬ አያቴን ብለምን፥ «ሰውየው ያለ ነገር አልጻፈውም፤ አንብቢው» ብለው ከለከሉኝ። እውነታቸውን ነው። እናቲቱን አስቀድመን ባናውቃት፥ ልጇን በስለት ስታስር ክፉ ሴት መስላ በታየችን ነበረ። እርሷ ግን ክፉ አይደለችም፤ ልጇን እንዳታጣ የፈራች እናት ናት። በዚህ መጽሐፍ ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቋጠሮ የቋጠረ ክፉ ሰው የለም። በ«ጦቢያ» የሚያስጨንቁን ማራኪዎችና ባሪያ ፈንጋዮች ናቸው፤ እነርሱን መጥላት ቀላል ነው። የበዛብህን እናት ግን እንዴት አድርጌ ልጥላ?

ጉዱ ካሣ የሚባለውም ሰው አለ። እውነተኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ» ያሉት የአገሩን ልማድ ስለሚነቅፍ ነው። እርሱም እንደ አወቀ ይከራከራል። ነገር ግን ካሣ ሲናገር እያሳቀ ያናድዳል፤ ለተናገረውም ቃል ዋጋውን ይከፍላል፤ እንደ እብድ ይቆጥሩታል። አያቴ ስለ እርሱ፥ «ይህን ሰው በቤቴ አላሳድረውም፤ ከደጄ ቆሞ ቢናገር ግን በሩን ከፍቼ እሰማዋለሁ» አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ስለ ጉዱ ካሣ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲቃረብ ሰብለ ወንጌል ከአባቷ ቤት ወደ ወጣችበት ቦታ ደረስን። እርሷም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች። በዚያን ጊዜ ማንበቤን አቁሜ፥ «እማማ፥ ያስታውሳሉን? ጦቢያም እንዲሁ የእርሷ ያልሆነ ልብስ ለብሳ ወጥታ ነበረ» አልሁ። ሁለቱ መጻሕፍት በ58 ዓመት ይራራቃሉ። በሁለቱም ልጃገረዲቱ የምትወድደውን ሰው ለመፈለግ ራሷን ደብቃ ትወጣለች። የአንዲቱ መንገድ በንጉሥ ቤት ያልቃል፤ የሁለተኛይቱ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ የመጽሐፉ ስም ይነግረናል። እኔም፥ «የሰብለ ወንጌል ታሪክ ከጦቢያ ይልቅ እውነት ይመስለኛል። በመንገድ ላይ ንጉሥ የሚጠብቃት ልጅ ስንት ናት?» ብዬ አሳቤን ተናገርሁ።

አያቴ ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበረ። እርሳቸው ግን እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኑረው፥ «እኔም እኮ ወጥቼ ነበረ» አሉ።

«12 ዓመቴ ነበረ። ዳሩኝ። ባሌን ያየሁት በሠርጉ ቀን ነው። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሌሊት የእረኛውን ባና ተከናንቤ፥ ዱላውን ይዤ ወጣሁ። የሚያየኝ ሰው ወንድ ልጅ እንዲመስለው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሄጄ ሲነጋ ከእናቴ ቤት ደረስሁ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ምሳ አበላኝና ከኋላው በበቅሎ አፈናጥጦ መለሰኝ። ማንም አልመታኝም፤ ማንም አልተቆጣኝም፤ ለምን እንደ ወጣሁም ማንም አልጠየቀኝም።»

እኔ የምናገረው ጠፋኝ። «ያ ሰው ማን ነበረ?» አልሁ።

«አያትሽ ነዋ። ደግ ሰው ነበረ፤ ነፍሱን ይማረው። በይ ቀጥዪ» አሉኝ።

ቀጠልሁ። ነገር ግን ያን ማታ ያነበብሁትን አላስታውስም።

ይህ ነገር አሳቤን ለወጠው። ሁለት ወር ሙሉ ልብ ወለድ ውሸት አይደለም ብዬ በቃል ስከራከራቸው ነበረ፤ አንድም ጊዜ አልረታኋቸውም። አጎቴም፥ እናቴም፥ እኔም ያልሰማነውን ነገር ያወጣው የእኔ ክርክር አልነበረም። በዓለም ላይ ያልኖረች ልጅ ከቤቷ ብትወጣ፥ የኖረችው ልጅ ተከትላት ወጣች። የሰብለ ወንጌል እናት ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ በመጽሐፉ አንብቤአለሁ፤ የአያቴ እናት ቤት ግን ከእኛ ደጅ ቆሞ ሲታይ፥ ከወንዙ ማዶ ባለው ጉብታ ላይ ነበረ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ፍርስራሽ ነው፤ ፍየል ይግጥበታል።

አሁን ደግሞ መምህራችን ስላዘዙኝ ነገር። እናንተ ገና ፊደል አጣርታችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ልጆች፥ «አዲስ ዓለም»ን ብታስቀድሙ ይሻላችኋል፤ ሲሰለቻችሁ ግን በእኔ አትፍረዱ። «ጦቢያ»ን ታላቅ ሰው ያንብብላችሁ፤ በጆሮ ሲሰማ ይጣፍጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እስክታድጉ ድረስ ጠብቁት። ስትይዙትም ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ የኋለኛውን ገጽ አትግለጡ።

በመስከረም መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ነበረብኝና መጽሐፉን ሳንጨርስ ለቅቄ መጣሁ። መምህራችንን አስፈቅጄ መጽሐፉን እዚያው ተውሁት። አሁን የሚያነብብላቸው የአጎቴ ልጅ ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ለገበያ መጥቶ እንደ ነገረኝ፥ ልጁ በጣቱ እየተከተለ፥ ባስቸገረው ፊደል ላይ እየቆመ፥ በአንድ ማታ ከአንድ ገጽ አያልፍም። አያቴ ግን ከእኔ ይልቅ የእርሱን ንባብ እንደሚወድዱ ተናገሩ አሉ። «የእርሷ ድምፅ የሚመጣውን አውቆ ያለቅሳል፤ የዚህ ግን ከእኔ ጋር አብሮ ይሄዳል» ብለዋል። ሰብለ ወንጌል እስከ አሁን በመንገድ ላይ ናት።